የኅዳር ሚካኤሉ ካርድ

የጥሪ ወረቀቱን ያመጣላት ናስር ነበር። ናስር ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከመርሳ ለቃልኪዳን የመጣ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። መኪናውን ከአባቷ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት አቁሞ፣ ሳይወርድ በመስኮት አቀበላት።

«የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ቅዳሜ ይመረቃል። ርእሰ መምህሩ ‹እሷ ሳትመጣ ሪባኑ አይቆረጥም› ብለዋል።»

«እሱስ ምን አለ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ናስር ያልጠየቀችውን የሰማ ይመስል ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። «ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ መኪናውን አስነሣ።

ቃልኪዳን ወረቀቱን ይዛ ከባትሪዎቹ መደርደሪያ ጀርባ ገባች። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። የገዛኸኝ ስም የለበትም። ስድስት ወር ሙሉ ላለመጥራት ስትታገለው የኖረችው ስም፣ ከወረቀት ላይ ሲጠፋ እንኳ ደረቷን እንደሚወጋት ያወቀችው ያኔ ነው።

* * *

የተዋወቁት ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነበር። በትምህርት ዕረፍት ወልድያ ለመምህራን የሦስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጥቶ፣ አሠልጣኟ ቃልኪዳን ነበረች። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ፣ ሥራ እስክታገኝ በአባቷ ሱቅ የምትውል ልጅ ናት። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሲወጣ አንድ ቀጭን መምህር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«ገዛኸኝ እባላለሁ። መርሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ።»

ጋዜጣውን ሲፈታው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ወጣች።

«አርባ ናቸው» አላት። «የነበሩን ኮምፒውተሮች በጦርነቱ ጊዜ ሄደዋል። እነዚህን በጎ አድራጊዎች ሰጡን፤ ስክሪኖቹን ደግሞ ከሌላ ቦታ ለምነን አገኘን። ግን ስናበራቸው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል እንጂ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ለሦስት ሰው አሳየሁ። ሦስቱም ጣላቸው አሉኝ።»

ቃልኪዳን አገላብጣ አየቻት። «አይጣሉም። ከርነሉ ነው ያረጀው።»

ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው፣ ስክሪኑንም ኪቦርዱንም የሚያነቃው ዋናው ፕሮግራም መሆኑን አስረዳችው። «ይኸኛው ከርነል የእናንተን ስክሪን አያውቀውም። አዲስ መሥራት ይቻላል። ችግሩ፣ የዚህች ፕሮሰሰር፣ አንጎሏ ማለት ነው፣ አርም የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ ኢንቴል። ለአንዱ የተሠራ በሌላው አይሄድም። ስለዚህ እኔ እዚህ ኢንቴሉ ላይ ሆኜ ለአርሙ እገነባለሁ፤ የገነባሁትን ግን ራሴ ልሞክረው አልችልም። ስክሪኖቹ ካሉበት መርሳ ሄዶ መሞከር አለበት።»

«እኔ እሞክረዋለሁ» አለ ገዛኸኝ። «ሺህ ጊዜ ቢሆንም እሞክረዋለሁ።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ አያት። ቃልኪዳን ስለ ኮምፒውተሯ ልትጨምር ያሰበችው ነገር ከአፏ ላይ ጠፋ።

የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ቆይቷል። ስልኩም አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመጣም እሷ የምታነሣው ከአባቷ አጠገብ ቆማ ነው። ስለዚህ የገነባችውን ከርነል ጥፍር በምታህል ሜሞሪ ካርድ ላይ ጭና ለናስር ትሰጣለች። ገዛኸኝ ይሞክረዋል፤ እምቢ ሲል ማሽኑ የተፋውን ስሕተት እዚያው ካርድ ላይ ጽፎ ይመልስላታል። እሷ አርማ እንደገና ትገነባለች። አንዱን ገንብቶ ለመጨረስ ላፕቶፗ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። መብራት በየመሀሉ ይሄዳልና አባቷ አቶ ተስፋዬ አንድ ቀን ምንም ሳይናገሩ የጭነት መኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለላፕቶፕ የሚያስማማ ኢንቨርተር አምጥተው ከእግሯ ሥር አኖሩላት።

ካርዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ፣ ከስሕተቱ ዝርዝር በታች አንዲት መስመር ነበረች። «ዛሬ የግራና ገበያ ነው። እናቴ ሽንኩርቷን ይዛ ወርዳለች፤ ዝናብ እንዳይመታት እየሰጋሁ ነው የምጽፍልሽ።»

ቃልኪዳን ካርዱን መልሳ ስትልክ፣ «እናትህን ዝናብ መታቸው?» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ስሕተቱ እያጠረ ደብዳቤው እየረዘመ ሄደ። ካርዱ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ደብዳቤውን ወደ ላፕቶፗ ትገለብጣለች፤ ታነባለች፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጻፈላት። «ወልድያ መጥቼ አባትሽ ሱቅ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ። እኔ መኪና የለኝም፤ ምን ልገዛ ብዬ ልግባ? አሻግሬ አየሁሽና ተመለስኩ።»

እሷም አባቷን ትፈራ ነበር። አቶ ተስፋዬ በከተማው የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የሀብታም ልጆች የላኳቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። የሆቴል ባለቤት ልጅ ያልበቃቸው ሰው፣ የሽንኩርት ሻጭ ልጅ እንዴት ይበቃቸዋል? በጥቅምት መጨረሻ ይህን ሁሉ ጻፈችለት። ፍርሃቷን፣ ስሙን በልቧ ስንት ጊዜ እንደምትጠራው፣ ካርዱ ሲዘገይ እህል እንደማይወርድላት። ሁለት ገጽ ሞላ። በናስር እጅ ከላከችው በኋላ ፊቷ ሲቃጠል ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ካርዱ ተመለሰ። ሦስት መስመር ስሕተት አለበት። ሌላ ምንም የለበትም።

ቃልኪዳን የተላከላትን ስሕተት አረመች፤ ገነባች፤ ላከች። ደብዳቤ ግን አልጨመረችም። እንደዚያ ልቧን ገልጣ ሰጥታ በሦስት መስመር መመለሷ፣ ከእፍረትም ከቁጣም የከፋ ነገር ሆኖ ውስጧ ተቀመጠ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ናስር ካርዱን ይዞ መጣ።

«መልሱን ዛሬውኑ ይዘህልኝ ና ብሏል። አደራ ብሏል። ነገ መንገድ ይዘጋል እየተባለ ስለሆነ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ እወስደዋለሁ።»

መልስ ሲባል ከርነሉ መሰላት። ሌላ ምን መልስ አለ? የመጨረሻዋን ስሕተት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አግኝታታለች፤ ከርነሉ ስክሪኑን የሚፈልገው በተሳሳተ አድራሻ ነበር። ካርዱም በመብራት መቆራረጥ ተጎድቶ ፋይሎቹ መበላሸት ጀምረዋል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ካርዱ ላይ እንደ አዲስ ለመጻፍ ወሰነች። እንዲህ ሲጻፍ በካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ ትከፍተው ነበር። ያን ዕለት ካርዱን በጣቷ ይዛ ጥቂት ቆየች። «ደግሞ ሦስት መስመር ላንብብ?» አለች ለራሷ። ሳትከፍተው ጻፈችበት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደብዳቤ ጀመረች። «ገዛኸኝ» አለችና ቆመች። የናስር ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ። ስሙን አጥፍታ ካርዱን ነቀለችና ሰጠችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ናስር በመስኮት ብቅ አለ። «ሠርቷል፤ አመሰግናለሁ በላት ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ከዚያ በኋላ ካርድ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደወለች፤ መስመር የለም። በሦስተኛው ጠራ። የመጀመሪያውን ጥሪ ስትሰማ ልቧ ፈራና ዘጋችው። ሥራው ስላለቀ እኔም አለቅሁ ብላ ደመደመች፤ ይህንንም ባመነችው ቁጥር እንደገና አመማት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ከናስር ጎን ተቀምጣ ወረደች። ሲሪንቃ ላይ የምርምር ማሳዎቹ ታርሰው ዝናብ ይጠብቃሉ። መርሳ ሲደርሱ ማንጎ ሻጮች ሚኒባሱን ከበቡት። ስትወርድ ናስር፣ «ቃል፣ እኔ እዚሁ ነኝ። መመለስ ባሰኘሽ ሰዓት» አላት። የሹፌር አነጋገር አልነበረም። የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

የኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ስትደርስ አርባ ስክሪን በአንድ ላይ በርቶ አየች። ተማሪዎች በአማርኛ ስማቸውን እየጻፉ ይስቃሉ። እነዚያ ሁሉ ቀናት፣ ያ ሁሉ ባትሪ፣ ያ ሁሉ ሙከራ ፊቷ ቆሞ ሲበራ፣ የደስታ እንባ ዓይኗን ሞላው። በዚያው እንባ መሀል ገዛኸኝን አየችው። ኮት ለብሷል። ከስቷል።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለና እጁን ዘረጋ። እንደ እንግዳ ጨበጣት። እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀም።

አንዲት ጠይም መምህርት ከኋላው መጥታ ቃልኪዳንን አቅፋ ሳመቻት። «አንቺ ነሽ? እኔ ሰላም ነኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ። የላክሽውን ካርድ ለአርባውም ያባዛነው እኔና እሱ ነን። ስላንቺ ምን ያላለኝ አለ? ‹ከእሷ እጅ የወጣ ሥራ ስሕተት አይገኝበትም› ይላል።» ከዚያ በእፍረት ፈገግ ብላ ጨመረች። «ሠርጋችን ላይ አለመምጣት የለም። ግንቦት ሃያ አራት ነው፣ ውርጌሳ፣ እኛ ቤት።»

ቃልኪዳን፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችው። ደህና ድምፅ ነበር። ሪባኑንም ቆረጠች፤ ርእሰ መምህሩ ሲያመሰግኗትም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም ሳያያት ከዚያ ክፍል መውጣት።

* * *

እንግዶቹ ለምሳ ወደ ግቢው ሲወጡ ቦርሳዋን ልታነሣ ተመለሰች። ገዛኸኝ ብቻውን ማሽኖቹን እያጠፋ ነበር።

«ሰላም ጥሩ ልጅ ናት» አለችው።

«ጥሩ ናት።»

ገዛኸኝ የመጨረሻውን ስክሪን አጥፍቶ ዞረ።

«ቃልኪዳን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ከዚህ በኋላ ይብቃኝ። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። ካልፈለግሽ ዝም በይ ብዬ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። ግን እውነት ለአንዲት መስመር እንኳ አልበቃሁም?»

«የምን እምቢ?»

«ለደብዳቤዬ።»

«የትኛው ደብዳቤ?»

አያት። የምትቀልድ መስሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ገጹ ተለወጠ።

«በኅዳር ሚካኤል የላክሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ካርዱ ላይ።»

ቃልኪዳን የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ናስር በመስኮት ያቀበላት ካርድ፣ «መልሱን ዛሬውኑ» ያለው፣ በጣቷ ይዛው የቆየችው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት።

«ካርዱ ተበላሽቶ ነበር» አለች። «እንደ አዲስ ጻፍኩበት። ሁሉንም። ሳልከፍተው።»

ገዛኸኝ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የተማሪ ወንበር ላይ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ባዶ ነበር» አለ። «ካርዱ ሲመጣ የድሮ ደብዳቤዎቻችን እንኳ አልነበሩበትም። አንብባ አጠፋችው አልኩ። የኔን ሁሉ ከፊቷ አጠፋች አልኩ። ካርድ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም? አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በዚያ በኩል አላሰብኩትም።»

«ለምን ያን ጊዜ ሦስት መስመር ብቻ ላክህልኝ? ያን ሁሉ ጽፌልህ?»

«ያን ሁሉ ስለጻፍሽልኝ ነዋ። የአንድ ቀን መልስ አይበቃውም ብዬ። አሥር ቀን ጻፍኩት፤ አሥር ቀን ቀደድኩት። ከርነሉ ግን እንዳይዘገይብሽ ስሕተቱን አስቀድሜ ላክሁ።»

«ምን ብለህ ነበር?»

ገዛኸኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ደብዳቤውን በቃሉ ይዞት ነበር።

«‹ቃሌ፣ አባትሽን እንደምትፈሪ ጻፍሽልኝ። እኔም እፈራቸዋለሁ። ቢሆንም በጥር ሽማግሌ ልላክ። አባትሽ ቢመልሷቸው ደግሜ እልካለሁ፣ ቢመልሷቸው ደግሜ እልካለሁ። አንቺ ከመለስሽኝ ግን አልደግምም። እሺ ካልሽ ከከርነሉ ጋር እሺ የምትል አንዲት ቃል ላኪልኝ። ካልሆነ ምንም አትጻፊ። ዝምታሽ ይገባኛል፤ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።›»

ከግቢው የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ቃልኪዳን አላለቀሰችም። እንባ ከሚመጣበት ቦታ የጠለቀ ነገር ነበር የነካት።

«ካርዱ የመጣ ዕለት ስክሪኑ በራ» አለ ገዛኸኝ። «ዘጠኝ ወር የለፋንበት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ተማሪዎቹ ተሸከሙኝ። እኔ ካርዱን ነቅዬ አንዲት ቃል ስፈልግ ነበር። ማታ አጣሁ፣ ጠዋትም ፈለግሁ። ከዚያ እናቴ ታመመች። ያስታመመችልኝ ሰላም ናት። በመጋቢት ወደ ቤቷ ሽማግሌ ላክሁ።»

«እሺ» አለች ቃልኪዳን።

«ምን?»

«መልሱ ነው። እሺ ነበር።»

ገዛኸኝ ቀና አለ። ዓይኖቹ ውስጥ የካቲት ላይ ያየችው ያ አስተያየት ለአፍታ ተመለሰ፤ እሷም ለዚያች አፍታ ራሷን ተወችለት። በዚያው ቅጽበት የሰላም ድምፅ ከግቢው መጣ። «ገዜ፣ ወንበር አነሰን፤ ሁለት ይዘህልን ና።»

«ቃሌ፣ እኔ አሁን ምን…»

«አትናገር» አለችው። «ዝምታ መልስ ነው ብለህ ጽፈህ ነበር። እንግዲያስ አሁን አንተ ዝም በል። እኔም ይገባኛል። ሁለተኛም አላስቸግርህም።»

ገዛኸኝ አፉን ከፈተ። ግቢውን አየ፤ እሷን አየ። መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሁለት ወንበር አንሥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

ቃልኪዳን የጨለሙት ስክሪኖች መሀል ቆማ ቀረች። እሷ ራሷ ያዘዘችው ዝምታ ነበር። ቢሰብረው ግን ምንኛ በወደደች።

* * *

ወልድያ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቶ ተስፋዬ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ባትሪ ይወለውላሉ።

«ምረቃው ደህና ዋለ?»

«ደህና ዋለ፣ አባዬ።»

«ልጁስ ደህና ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«ገዛኸኝ።»

ቃልኪዳን በዚህ ቤት ውስጥ ያንን ስም ጠርታው አታውቅም። «ሊያገባ ነው» አለች።

አቶ ተስፋዬ ጨርቁን አኖሩት።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አሉ። «ግን ሴት ልጅ ሽቦና ቁጥር እያየች ብቻዋን እንደማትስቅ አውቃለሁ። መርሳ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። የድኻ ልጅ ነው፣ ግን እናቱን የሚጦር ጨዋ ነው አሉኝ። ሳሎኑን ለገና ቀለም ያስቀባሁት ለምን መሰለሽ? ጥርን ሙሉ እሑድ እሑድ ከቤት አልወጣሁም። እናትሽ ዘመድ እንጠይቅ ስትለኝ ጉልበቴን አመመኝ እላት ነበር። ሽማግሌ መጥቶ እንዳያጣኝ ብዬ።»

«ይመልሷቸው ነበር» አለች ቃልኪዳን። ልመና ይመስል ነበር አባባሏ፤ አዎ እንዲሏት። «እነዚያንም መልሰዋቸዋል።»

«እነዚያን የመለስኳቸው ስማቸው ሲነሣ ፊትሽ ስለጠቆረ ነው። እኔ ምን ቸገረኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የገዛኸኝ ሽማግሌዎች ሳይመጡ ሲቀሩ፣ የማልቀመስ ሰው ነኝ ማለት ነው፣ ልጁን አስፈራሁት ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ» አሏት።

ቃልኪዳን መርሳ ላይ ያልፈሰሰው እንባ መጣባት። እንደ ሕፃን አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀችና የኅዳርን፣ የታኅሣሥን፣ የጥርን ልቅሶ ባንድ ጊዜ አለቀሰችው። «ሳላነበው» ትላለች፤ «አባዬ፣ ሳላነበው ነው።» አቶ ተስፋዬ ምን እንዳላነበበች አልጠየቁም። እጃቸው የባትሪ እድፍ ነበረበትና ነጠላዋን እንዳያቆሽሹ በክንዳቸው ብቻ አቀፏት።

አንድ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «የፍሬን ሸራ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ዛሬ የለም» አሉት አቶ ተስፋዬ ቀና ሳይሉ። የፍሬን ሸራው ከራሳቸው በላይ፣ መደርደሪያው ሙሉ ተቀምጦ ነበር።